ባለወፍጮዋ ዳኛ

እትዬ ወፍጮ ቤቱን ከአባቷ የተረከበችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባትየው ጆንያ ሲያነሱ ወገባቸው ተቀጨ፣ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፣ ሰፈሩም «ይቺ ልጅ አንድ ወር አትዘልቅም» ብሎ ፈረደ። ይህ ታሪክ ሲጀምር ሃያ አራት ዓመት ዘልቃ ነበር። በእነዚህ ዓመታት የወፍጮው ድንጋይ ሦስት ጊዜ፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ እሷ ግን ያው ከሚዛኑ ኋላ፣ እስከ ቅንድቧ ዱቄት ለብሳ፣ «ተራ ያዙ!» እንዳለች ነበር።

ከእኔ የምትበልጠው በአንድ ዓመት ቢሆንም እትዬ ነው የምላት። ድምፅዋን የሰማ ሰው ሌላ ነገር ሊላት አይደፍርም። እኔ ከወፍጮ ቤቱ ሦስተኛው በር ላይ ያለሁ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰፈሩ «መርፌ» ይለኛል። ቀጭን ስለሆንኩ ነው የሚሉ አሉ፣ በነገር ስለምወጋ ነው የሚሉም አሉ። ስለ እትዬ የማውቀውን ልናገር የተነሳሁት ከሌላው ሰው ይልቅ በቅርብ ስላየኋት ነው፤ ከቅርበቱም የተነሳ ሁለት ጊዜ ተቀጥቻለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የወፍጮው ሞተር ሲነሳ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ሁለት ሰዎች ጆሮ ለጆሮ ገጥመው ካልጮኹ አይደማመጡም። እትዬ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል በር ላይ የቆመችው ሴትዮ ለጎረቤቷ ምን እንዳለቻት ታውቃለች። የምትሰማው በዓይኗ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ከንፈር ስታይ ኖራ፣ አፍ ሲንቀሳቀስ ካየች ቃሉ ቁልጭ ብሎ ይታያታል። አንድ ቀን ተራዋ የዘገየባት ደንበኛ ጥግ ላይ ቆማ «ይቺ ግንባሯ ድንጋይ!» ብላ አጉረመረመች። እትዬ ቀና ብላ አየቻትና «ግንባሬን ተይውና የጆንያሽን አፍ ፍቺ» አለቻት። ሴትዮዋ እህሏን አስፈጭታ እስክትሄድ ድረስ ከንፈሯን በነጠላዋ ሸፍና ቆየች።

ባሏ በያጅ ነው። በርና መስኮት ይሠራል፤ እሱ ራሱም በር ያህላል። ዝምተኛና ደግ ሰው ነው፣ ከአንድ ነገር በቀር። እሁድ ጠዋት ከጡብ ማምረቻው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ሲቆም ሌላ ሰው ይሆናል። ዕድሜያቸው ከአርባ በላይ የሆኑ የሰፈሩ ጎልማሶች ቡድን በረኛና አምበል እሱ ነበር፤ እኔ የግራ ተከላካይ ነኝ። ያን ጊዜ ከመካከላችን ትንሹ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ትልቁ ዕድሜውን አይናገርም። የጎሉን ብረት የበየደውም፣ የማዕዘኑን ባንዲራ እንጨት ቆርጦ የተከለውም እሱ ስለሆነ ሜዳውን እንደ ግል ሳሎኑ ነው የሚያየው።

ችግራችን ዳኛ ነበር። አንድም ዳኛ ከእኛ ጋር አልበረከተም። የመጨረሻው የሂሳብ መምህር ነበር፤ ትሑት ሰው፣ ሲሰድቡት እንኳ «አመሰግናለሁ» የሚል። ዝናብ ባደረበት አንድ እሁድ ከአውቶቡስ ጋራዡ ቡድን ጋር ስንጫወት የጋራዡ አጥቂ መታ፣ ኳሷ ከበያጁ እጅ አምልጣ ከሆዱ ሥር ገባች፣ እሱም ላይዋ ላይ ተኛባት። ጋራዦቹ «ጎል!» አሉ፣ እኛ «መስመር አላለፈም!» አልን። መምህሩ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲመለከት ሃያ አንድ ሰው ከበበው። ከዚያ እንዴት እንደሾለከ አላየንም። ያየነው በመንገዱ የሚያልፍ ሚኒባስ ላይ ሲንጠለጠል ነው። ፊሽካውን እንኳ ከአፉ አላወጣም ነበር፤ ሚኒባሱ ጎድጓዳ ቦታ በገባ ቁጥር እየጮኸ ራቀ።

ምድር ቀውጢ ሆነች። በያጁ ኳሷ ላይ እንደተኛ ነው። «ከተነሳሁ ያታልሉኛል» ይላል። ልክ በዚህ ጊዜ እትዬ የረሳውን የጉልበት ማሰሪያ በቢጫ ፌስታል ይዛለት መጣች። ትንሽ ቆማ አየችን። ከዚያ ፌስታሉን ብብቷ ሥር ከተተችና በዚያ በወፍጮ ቤት ድምፅዋ፣

«ተራ ያዙ!» አለች።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ሃያ አንድ ጎልማሳ፣ የልጅ አባት፣ የልጅ ልጅ ያለው ሁሉ፣ እግሩ ራሱ ወሰደውና ተሰለፈ። ሚስቶቻችን ወይም እናቶቻችን የማይልኩን ቀን የለማ፤ ሁላችንም በዚያች ድምፅ ስንታዘዝ የኖርን ነን። እኔ አራተኛ ነበርኩ። የጋራዡ አምበል ፊቴ ገባና «መጀመሪያ የመጣሁት እኔ ነኝ» አለኝ፤ ከምሬ ተናደድኩ።

«አሁን አንድ በአንድ» አለች። የጋራዡ አምበል ተናገረ፣ የእኛ አጥቂ ተናገረ። ከዚያ ወደ ባሏ ሄደች።

«ተነስ።»

«አልነሳም። ኳሷ መስመር አላለፈችም።»

«ተነስ አልኩህ፣ ብርድ ይመታሃል።»

ተነሳ። ጎንበስ ብላ ጭቃውን አየች። የሆዱ አሻራ ሰፊ ኩሬ ሠርቷል፤ ከኩሬው መሀል የኳሷ ማረፊያ ክብ ሆኖ ይታያል፣ ከመስመሩ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ።

«ጎል ነው» አለች፣ ስንዴ መዝና ኪሎውን እንደምትናገር ሁሉ።

ጋራዦቹ ጨፈሩ። የጋራዡ አምበል ቀረብ ብሎ «እትዬ፣ እባክሽ የቀረውን ሃያ ደቂቃ አንቺው ጨርሺልን» ሲላት፣ ሰዓቷን አየችና «ቤት ውስጥ ሥራ አለብኝ፤ ሃያ ደቂቃ ካላችሁ ሃያ ደቂቃ ነው» አለች። ፊሽካ አልነበረም። ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተችና አፏጨች፤ የጡብ ማምረቻው ዘበኛ ከጎጆው ወጣ።

በያጁ ከሽንፈቱ ይልቅ በዚህ ደነገጠ። «ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ማፏጨት እንደምትችይ አልነገርሽኝም!»

«አልጠየቅኸኝም። ጎልህ ውስጥ ግባ።»

ጨዋታው እንደገና በተጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ አንድ የእጅ ውርወራ ለጋራዦቹ ሰጠች። ኳሷን ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ ግን ጥፋቱን ማን ያምናል? ከእሷ አርባ እርምጃ ርቄ፣ ለራሴ ብቻ፣ ድምፅ ሳላወጣ «ወፍጮሽን ብትጠብቂ ይሻልሽ ነበር» አልኩ። ከሜዳው ማዶ አፏጨች። እየሮጠች መጣች፣ የጉልበት ማሰሪያውን ከፌስታሉ አውጥታ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ቢጫውን ፌስታል ግንባሬ ላይ አውለበለበችው። «ወፍጮዬን እጠብቃለሁ። አንተ ደግሞ አፍህን ጠብቅ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ውስጥ በፌስታል የተቀጣ ብቸኛ ሰው ነኝ።

ቤት ሲገቡ በያጁ አኮረፈ። ሦስት ቀን በልጃቸው በኩል ነበር የሚነጋገረው። ልጅቷ እንደነገረችኝ፣ እናትና አባት አንድ ገበታ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው እሱ «ለዳኛዋ ጨው አቀብዪኝ ብሎሻል በያት» ይላል፤ እናቷ «ለበረኛው ጨዉ እጁ ሥር ነው በይው፣ እንደ ኳሷ እንዳያመልጠው» ትላለች። በአራተኛው ቀን ልጅቷ «እኔ ፈተና አለብኝ፣ ሌላ መልእክተኛ ፈልጉ» ብላ ተነሳችና መነጋገር ጀመሩ።

ያን ሳምንት እትዬ ሱቄ መጣች። ቱታዋን እያራገፈች ወንበር ሳበች፤ የሰፋሁት ጥቁር ሱሪ ሁሉ ነጣ።

«መርፌ፣ ኦፍሳይድ የሚሉት ነገር ምንድን ነው? እሁድ ሁላችሁም ስትጮኹበት ነበር፤ ዝም ብዬ አለፍኩት እንጂ አልገባኝም።»

ደስ አለኝ። የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቁልፎች ደረደርኩ፤ ጥቁሮቹ አጥቂ፣ ነጮቹ ተከላካይ፣ ትልቁ የካፖርት ቁልፍ በረኛ። አስረዳሁ። ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ። በመጀመሪያው አላበኝ፣ በሁለተኛው ቁልፎቹን አዘዋወርኩ፣ በሦስተኛው «እሱማ እንደ ሁኔታው ነው» አልኩ። አመስግና ወጣች። በሳምንቱ የጨዋታ ሕጉን መጽሐፍ ከየት እንዳገኘችው ሳላውቅ ዱቄት በዱቄት አድርጋ ይዛው መጣች።

«አንብቤ ጨረስኩት። አንተ ሃያ ዓመት ሙሉ እጅህን አንስተህ ኦፍሳይድ ብለህ የጮኽከው ሁሉ ስህተት ነበር፤ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። እስካሁንም እጄን ሳነሳ ይህች ንግግር ትዝ እያለችኝ መሀል ላይ እተዋታለሁ።

ነገሩ በዚህ ያበቃል ያልን ተሳሳትን። እትዬ ነገር ከጀመረች እስከ ጫፉ ነው። ወደ ከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳ ለዳኝነት ኮርስ ልትመዘገብ ተሰለፈች። መስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ ቀና ብሎ አያትና በትሕትና፣

«ለልጅዎ ነው፣ እናቴ?»

«ለእኔ ነው።»

«የምዝገባ ቅጹ ላይ ዕድሜ አለ።»

«ዕድሜ እኔም አለኝ። አርባ ሦስት። ከፍተኛው ስንት ነው?»

ጸሐፊው መመሪያውን አገላበጠ። ከፍተኛ የሚል ነገር አልተጻፈም፤ እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረማ። መዘገባት። ሠላሳ ተማሪ፤ ሃያ ዘጠኙ ጺማቸው ገና የሚያቆጠቁጥ ጎረምሶች፣ ሠላሳኛዋ እሷ።

ትምህርቱ አላስቸገራትም። ሩጫው ነው እንጂ። ለፈተናው የሜዳውን ዙሪያ በተወሰነ ደቂቃ ስድስት ጊዜ መዞር አለ። እትዬ ወስና በነጋታው ጠዋት ከቤቷ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሮጠች። ያላሰበችው አንድ ነገር ነበር፤ በእኛ ሰፈር አርባ ያለፋት ሴት የምትሮጠው ሰው ሲሞት ወይም ቤት ሲቃጠል ብቻ ነው። መጀመሪያ ያየቻት ልብስ አጣቢዋ ነበረች። «ምን ሆንሽ? ማን ነው?» ብላ የሳሙናውን አረፋ ከእጇ ሳታራግፍ ተከተለቻት። እንጀራ ሻጯ ይህን አይታ «ኧረ ጉዴ!» ብላ ሻሿን በአንድ እጇ ይዛ ተነሳች። ሦስተኛዋ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ እሷ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ገና ሦስት ሴት ሲሮጥ ስታይ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ትንፋሿ አጥሮ መናገር ስላልቻለች በእጇ «ምንም የለም፣ ተመለሱ» ስትላቸው፣ እነሱ «ፍጠኑ» ያለች መስሏቸው ባሰባቸው። አራቱም ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ደርሰው ተዘረገፉ።

«ማ... ማን... ነው የሞተው?» አለች ልብስ አጣቢዋ።

«ማንም አልሞተም። ስፖርት ነው።»

ካርድ ክፍሏ እንባዋን ጠረገች። «ታዲያ ያልቀስኩት በከንቱ ነው?» እንጀራ ሻጯ ግን ደረቷን ይዛ ስታስብ ቆየችና «ይገርማል፤ ወገቤ ቀለል አለኝ» አለች። በነጋታው ጠዋት እትዬ ስትወጣ ሦስቱም ከበሯ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ከሳምንት በኋላ ሰባት ሆኑ። ባሎች ተጨነቁ፤ አንዱ እኔ ጋ መጥቶ «ሚስቴ የሩጫ ሱሪ አሰፋልኝ ብላኛለች፣ ይሄ ነገር ወዴት እየሄደ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ መለኪያዬን ይዤ ሥራዬ ላይ ነበርኩ፤ በዚያ ወር ከዚህ በፊት ሰፍቼው የማላውቀውን ሱሪ ዘጠኝ ሰፋሁ።

የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች። ያወደቃት ጉልበቷ አልነበረም። አምስተኛው ዙር ላይ አንድ ጎረምሳ መስመሩን ቆርጦ በሣሩ በኩል አቋረጠ። እትዬ አየችው። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ እሷ ግን ቆመች፣ ጎረምሳውን በክንዱ ያዘችና ወዳቋረጠበት ቦታ መልሳ አቆመችው። «ሌላው ዞሮ የመጣውን አንተ በየት በኩል?» ስትለው ልጁ አፍሮ ከዚያው ጀመረ። እሱ አለፈ፣ እሷ ግማሽ ዙር ሲቀራት ሰዓቱ አለቀ። አሠልጣኙ ራሱን እየነቀነቀ «እዚህ ላይ ተፈታኝ ነሽ እንጂ ዳኛ አይደለሽም» አላት። «ያየሁትን እንዳላየሁ እንዴት ልሁን?» አለችው። ከሦስት ወር በኋላ በድጋሚ ተፈተነች፤ በዚህኛው ጊዜ ከፊት ሆና ስለሮጠች ከኋላዋ ማን ምን እንዳደረገ አላየችም። በጽሑፉ ሁለተኛ ወጣች። ጥቁር ቁምጣና ማሊያ ተሰጣት፤ ቁምጣው ሰፊ ስለነበር ያጠበብኩላት እኔ ነኝ። በያጁ የደረት ምልክቷን ጠማማ አድርጋ ሰክታው ሲያይ ነቅሎ አቀናላት።

በጎልማሶች ሊጉ የዓመቱ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ እኛና ጋራዦቹ ደረስን። የሊጉ ሰብሳቢ የሰፈሩ ፋርማሲስት ነው፤ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ሁሉንም ነገር እንደ መድኃኒት ማዘዣ ቀስ ብሎ የሚያነብ። ለጨዋታው ዳኛ ጠፋ። አንዱ ጥርሱን ታሟል፣ አንዱ ሠርግ አለበት፣ የሂሳብ መምህሩ ደግሞ ቤት ቀይሯል። የቀረችው እትዬ ብቻ ናት።

ስብሰባ ተጠራ። የጋራዡ አምበል ተነስቶ «እትዬን እናከብራለን፤ ግን በረኛው ባሏ ነው። እንዴት ይሆናል?» አለ። እትዬም «ልክ ነው፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» አለች። በዚህ ጊዜ በያጁ ከሁሉም በላይ ጮኸ፦

«እኔም እቃወማለሁ! ለእኔ ታዳላለች ብላችሁ ነው የምትፈሩት? ይቺን ሴትዮ አታውቋትም። ጋራዦች፣ እናንተ ዝም በሉ፤ የምጎዳው እኔ ነኝ!»

ፋርማሲስቱ መነጽሩን አወለቀ። «ሁለቱም ወገን ከተቃወመ፣ ራሷም ከተቃወመች፣ ከዚህ የበለጠ ገለልተኛ ዳኛ አናገኝም» አለና መዝገቡን ዘጋ።

ሜዳው ጢም አለ። የጠዋት ሯጮቹ፣ ያን ጊዜ አሥራ አራት ደርሰዋል፣ የሜዳውን አንድ ጎን ሞሉት፤ ለማንም ቡድን አልደገፉም፣ ዳኛዋን ነበር የሚደግፉት። የእጅ ውርወራ በሰጠች ቁጥር ያጨበጭባሉ።

በሃያኛው ደቂቃ አገባን፣ በሠላሳኛው አገቡብን። የጋራዡ ጎል ሲቆጠር በያጁ ፊቱን ወደ መረቡ መልሶ ኳሷን እያነሳ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ሲዞር ገና አረፍተ ነገሩ አላለቀም ነበር። እትዬ ከመሀል ሜዳ አየችው። ቢጫውን አወጣች፤ ያን ጊዜ የደንቡን ካርድ ይዛለች።

«ምን አልኩ?» አለ።

«“ቤት እንገናኝ” ብለሃል።»

«ቤት መገናኘት ጥፋት ነው? አንድ ቤት አይደል የምንኖረው?»

ተመልካቹ ሁሉ ሳቀ። እሷ ስሙን ጻፈች። ባሏን ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ ጠየቀችው የሚሉ አሉ፤ ውሸት ነው፣ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው፣ አንድ ለአንድ እንደሆንን፣ የጋራዡ አጥቂ በእኔ በኩል አለፈኝ። አልዋሽም፣ በቀላሉ ነው ያለፈኝ። ብቻውን ከበያጁ ጋር ተፋጠጠ፣ አታለለው፣ ኳሷን ገፍቶ ሊያልፍ ሲል በያጁ መሬት ላይ እንዳለ ረጅም ክንዱን ሰደደና ቁርጭምጭሚቱን እንደ በር እጀታ ጨበጠው። አጥቂው በአፍጢሙ ተደፋ።

ፊሽካው ተነፋ። እትዬ እየሮጠች መጣች፣ የፍጹም ቅጣት ምቱን ነጥብ አሳየች፣ ቢጫውን አወጣች፤ ከዚያ እጇ ወደ ኋላ ኪሷ ሄደ። እዚያ ላይ አንድ አፍታ ያህል እንደቆየ አይቻለሁ፤ ሌላ ሰው ላያስተውለው ይችላል። ቀዩን አወጣች።

በያጁ ተንበርክኮ እንደነበር ቀና ብሎ አያት። «የልጅሽን አባት?»

«የልጄ አባት ጥሩ ሰው ነው፤ ከእሱ ጋር ምንም ጠብ የለኝም» አለች። «ያስወጣሁት በረኛውን ነው።»

ጓንቱን አውልቆ ሰጠኝ። ቅያሪዎቻችን ሁሉ አልቀው ስለነበር አንድ ሰው በረኛ መሆን አለበት፤ ጥፋተኛው እኔ ስለሆንኩ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጓንቱ ውስጥ ሁለቱም እጆቼ በአንድ ላይ ይገባሉ። በያጁ ከጎሉ ጀርባ ቆሞ «ወደ ቀኝህ! ወደ ቀኝህ ነው የሚመታው!» ሲለኝ፣ እትዬ በጣቷ የሜዳውን መውጫ አሳየችው። የተባረረ ሰው እዚያ መቆም አይችልም። ሄደ፤ ጡብ ማምረቻው አጥር ጋ ደርሶ በቀዳዳ ያይ ጀመር።

አጥቂው ሊመታ ሲንደረደር ዓይኔን ጨፈንኩ። ፍርሃት ይሁን ጀግንነት አላውቅም፣ ወደ ፊት ዘለልኩ። ኳሷ አፍንጫዬን መታችና ወደ ውጪ ወጣች። ሰፈሩ ፈነዳ። ተሸከሙኝ። አፍንጫዬ ይደማል፣ እኔ እስቃለሁ። በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል ፊሽካው ሲነፋ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

«ኳሱ ሳይመታ ከመስመር ወጥተሃል። ይደገማል።»

«እትዬ! በሞቴ! አፍንጫዬን እይው!»

«አየሁት። አዝናለሁ። ይደገማል።»

ተደገመ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን።

የሰፈሩ ቡድን ያን ዕለት ተሰብስቦ ከእትዬ ወፍጮ ቤት እህል ላያስፈጭ ማለ። መሐላው እስከ ማክሰኞ ቆየ። ሌላው ወፍጮ ከወንዙ ማዶ ነው፣ ጆንያ የሚሸከሙት ደግሞ እኛ ነን። ረቡዕ ጠዋት አጥቂያችን ከእነ ጆንያው አንገቱን ደፍቶ በሩ ላይ ሲቆም፣ እትዬ ሚዛኑን ወደ እሱ አዞረችለት።

በያጁ በዚህኛው ጊዜ አላኮረፈም፤ ከኩርፊያ የባሰ ነገር ጀመረ። የሕጉን መጽሐፍ አንስቶ ወደ ብየዳ ቤቱ ወሰደው። እሷ የሠራችውን ስህተት አግኝቶ ለፋርማሲስቱ ሊከስ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ፣ ደንበኛ ሲመጣ እንኳ ቀና ሳይል፣ ስምንት ቀን አነበበ። ያዘዝኩት የሱቅ በር በዚህ የተነሳ ሁለት ሳምንት ዘገየብኝ። በዘጠነኛው ቀን መጽሐፉን ይዞ እየሮጠ ወፍጮ ቤት ገባ። እኔም ነገሩ ስላጓጓኝ ተከተልኩት።

«አገኘሁ! የማዕዘን ባንዲራ ከአንድ ሜትር ተኩል ማነስ የለበትም ይላል። ለክቼዋለሁ፤ የእኛ አንድ ሜትር ከሃያ ስምንት ነው! ጨዋታውን ማስጀመር አልነበረብሽም!»

እትዬ ሞተሩን አጠፋች። መጽሐፉን ተቀብላ አነበበችው። «እውነትህን ነው» አለች። «ስህተቴ ነው። ሳልለካ አስጀምሬያለሁ።»

በያጁ በድል አድራጊነት ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«እንጨቶቹን የቆረጥካቸው ማን ነበር?» አለችው ለስለስ ብላ።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መጨረሻ ላይ እሱም ሳቀ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ። ሲረጋጋ «መጽሐፉ ግን ደስ ይላል፤ ሌላ ክፍል አለው?» ብሎ ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት ኮርሱን ወሰደ። ሩጫውን አላለፈም፣ ስለዚህ በደንቡ መሠረት ዳኛ አልሆነም፤ ግን ለእኛ የእሁድ ጨዋታ የመስመር ዳኛ አደረጉት። ባንዲራ ይዞ የምናየው በያጅ ከበረኛው በያጅ የባሰ ነው፤ የጓደኛ ምሕረት የሚባል አያውቅም።

እትዬ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ዳኘች። መጀመሪያ የእኛን ሊግ፣ ቀጥሎ የከተማውን የሴቶች ውድድር፣ መጨረሻ ላይ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬዱ ከተሞች ድረስ። ስትሄድ ወፍጮውን እንጀራ ሻጯ ትይዝላታለች። አንድ ቦታ ላይ ተመልካች ድንጋይ ወረወረባት፤ ድንጋዩን አንስታ መስመሩ ዳር ከቆመው ከወርዋሪው ፊት አስቀመጠችና «ይህ የአንተ ነው፣ ወድቆብህ ነው» ብላ ጨዋታውን ቀጠለች። ይህን የነገረችን እሷ አይደለችም፤ አብሯት የሄደው ሾፌር ነው። ከጠዋት ሯጮቹ መካከል አራቱ፣ ከሴት ልጆቻቸው ሰባቱ ኮርሱን ወስደዋል። ለሁሉም ቱታ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ በሰፈሩ ውስጥ ከዚህ ነገር በግልጽ የተጠቀመ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ጉልበቷ እምቢ አላትና ፊሽካውን አስቀመጠች። አሁን ዳኞችን የምትገመግም ሆናለች፤ ደብተር ይዛ ትቀመጣለች። በቅርቡ የልብስ አጣቢዋ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቁ ስታዲየም ልትዳኝ ተመደበችና ሁላችንም ሄድን። ከእኛ ኋላ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ልጅቷን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይሰድብ ነበር። ልብስ አጣቢዋ ሁለት ጊዜ ተነስታ በያጁ ሁለት ጊዜ አስቀመጣት፤ በሦስተኛው ራሱ ተነሳ። እትዬ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል የባሏን ኮት ጫፍ ጎተተች።

«ቁጭ በል። አትየኝ፣ እሷን እያት። እንዴት ያለ ቦታ ላይ እንደቆመች ተመልከት።»

ልጅቷ ከኳሷ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ፣ ሁለቱንም ተጫዋቾች በሚያሳያት ጎን ቆማ ነበር። እትዬ ደብተሯን ከፍታ ረጅም ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች ልሰርቅ አንገቴን ሳሰግግ በክንዷ ሸፈነችብኝ። ጨዋታው ያለ ቀይ ካርድ አለቀ፤ ከስታዲየሙ ወጥተን የጋራ ታክሲ ለማግኘት አንድ ሰዓት ያህል ቆምን፣ እሷና ልብስ አጣቢዋ እስከ መጨረሻው ስለዚያ ስለ ልጅቷ አቋቋም ሲያወሩ።